እሳት ያለው ደጅ አይዘጋም

በር በማይዘጋበት ከተማ በር ሠሪ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም አንዳንዴ መጋዜን እየሳልኩ ለብቻዬ እስቃለሁ።

የከተማዬን ስም አልጠራም። ጉም ነው የሚያስተዳድራት ብል ሹሞቹ ይቀየሙኛል፤ ስለዚህ ጉም ይበዛባታል ብዬ ልለፈው። ፀሐይ የምትመጣብን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ብቅ ትላለች፣ ሳትቀመጥ ትሄዳለች። ማገዶ የሚመጣው ከቆላ ነው፤ መንገድ ሲበላሽ እሱም ይቀራል። በዚህ የተነሳ አያቶቻችን አንድ ሕግ ደነገጉ፤ እሳት ያለው ደጅ አይዘጋም። አንድ ቤት እሳት ከነደደ ጎረቤት በርጩማውን ይዞ ይገባል። እንደምን ዋላችሁ ማለት እንኳ ግዴታው አይደለም፤ ይቀመጥና እጁን ይዘረጋል። መከልከል ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው። ከጠብ ሁሉ የከፋው እርግማናችንም "ቤትህ ይብረድ" የሚለው ነው። ሕጉ ደግ ሕግ ነው። እናታችን የሞተች ክረምት እኔና እህቴ ጥሩአየር የተረፍነው በሰው እሳት ነው።

በሮቼ ታዲያ ለክብር ናቸው። ሰው ጎጆ ሲወጣ በር ያሠራል፤ እኔም ሣንቃውን አለዝቤ አበባና ሐረግ እቀርጽበታለሁ፤ ይሰቀላል፣ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ይቀራል። ዘግቶ የሞከረው የለም። መቀርቀሪያ የሚባል ነገር እንዳለ ከአባቴ የሰማሁት እንደ ተረት ነው።

ሌላ ሕግም አለን፤ እሱን ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው ነገር አይገባችሁም። በእኛ ከተማ አንድ ነገር የሚከለከለው ናሙናው ሲሰቀል ነው። አደባባዩ ላይ ትልቅ ዝግባ አለ። የተከለከለው ነገር በብልቃጥ ይደረግና፣ ብልቃጥ የማይገባ ከሆነም በገመድ ይታሰርና ቅርንጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። የተጠረጠረ ሰው የያዘውን ይዞ ዛፉ ሥር ይቆማል፤ ይመሳሰላል። ከመሰለ ወንጀለኛ ነው፤ ካልመሰለ የተመሰገነ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ ዛፉ ላይ የነበሩት አንድ የተፈለፈለ የሚዛን ድንጋይ፣ አንድ የመርዝ ሥር፣ እና ለምን እንደተሰቀለ ማንም የማያስታውሰው የግራ እግር ጫማ ብቻ ናቸው። ለማንኛውም ብለን እንደዚያ ያለ ጫማ በግራ እግራችን አናደርግም።

ረመጥን ያመጣው ምናላቸው የሚባል ነጋዴ ነው። ለስላሳ ሰው ነው፤ ጭቃ ውስጥ ተራምዶ ጫማው አይቆሽሽም። የዘረጋው ትናንሽ የወረቀት ጥቅል ነበር፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት፣ ላዩ ላይ "የመስታወት ማጽጃ፤ ለአፍ አይደለም" የሚል ጽሑፍ። ያኔ በከተማው የነበረው መስታወት የሹሙ መስኮትና የጎረቤታችን የእትዬ አንጓች ስንጥቅ መስታወት ነው። ማጽጃው ግን ቀትር ሳይሆን ተሸጦ አለቀ።

"ጋሽ ምናላቸው፣ እኔ እኮ መስታወት የለኝም" አለው ተሸካሚው ይርዳው ጥቅሉን እያገላበጠ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ላርገው?"

"እኔ በምን አውቄ! ለአፍ አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚህ በላይ ሰው እንዴት ይናገራል?"

ይርዳው ከተሸካሚዎቻችን ሁሉ ዘገምተኛው ነበር። ማጽጃውን ከምላሱ ጫፍ ካደረሰ በኋላ ግን ለሁለት ሰው የሚከብደውን ለብቻው ተሸክሞ፣ ዳገቱን እየሮጠ፣ በዚያ ላይ እያወራ ይወጣ ጀመር። አይርበውም፣ አይደክመውም፣ አይተኛም። ከሁሉ የገረመን ግን ሙቀቱ ነው። ጉሙ እሱ ዘንድ ሲደርስ ይሸሻል። ከአናቱ እንፋሎት ይወጣል። እናቱ እማማ ደብሬ እርጥብ ነጠላቸውን ጀርባው ላይ ጣል ቢያደርጉበት፣ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ደረቀ። ሕዝቡም ዱቄቱን ማጽጃ ማለቱን ትቶ ረመጥ አለው።

ጎረቤቶች በርጩማቸውን ይዘው ገቡ። ሰው ራሱ ሊነድ ይችላል ብለው አያቶቻችን አላሰቡም፤ ሕጉ ግን የሚነደው ምን እንደሆነ አይለይም። ይርዳው መሐል ይቀመጣል፣ ሰው ዙሪያውን እጁን ይዘረጋል፣ እሱ ያወራል። እኔም ሄጄ ሞቄያለሁ። ደረቅ ሙቀት ነበር፤ የበሽተኛ ቤት ሽታ ነበረው። ግን ሙቀት ነው። የእገዳ ሹሙ አቶ ደርበው ሳይቀሩ መጥተው መዳፋቸውን እያገላበጡ፣ "ጭስ የለው፣ አመድ የለው! እንዲህ ያለ ማገዶ ከየት ይገኛል?" አሉ።

እየቆየ ይርዳው ጥርሱን ማፋጨት ጀመረ። ቤቱ ውስጥ ወፍጮ የተተከለ ይመስል ነበር። ቀጥሎ ክንዱን ይቧጭር ጀመር።

"ምን ሆነህ ነው?" አልነው።

"ጉንዳን" አለ። "ከቆዳዬ ሥር። በሰልፍ ነው የሚሄዱት። ዝም በሉ፣ ይሰሙናል።"

ዝም አልን። እውነቴን ነው፤ ያን ሁሉ ሰው የሰበሰበ ቤት ጸጥ ብሎ ጉንዳን አዳመጠ።

ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቆረ። እማማ ደብሬ ይህን ሲናገሩ እትዬ አንጓች ጣልቃ ገቡና፣ "ሙቀት እኮ ያጠቁራል፤ ድስትሽን አታዪም?" አሉ። ሲንቀጠቀጥ በረደው ብለን ባና ደረብንበት። ሙቀቱ እንዳይባክን ብለን ደግሞ ሌላ ደረብን። ባና ማለት ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም ልብሳችን ነው፤ ነፋስም አያስገባ፣ ትንፋሽም አያስወጣ። ከባናው ሥር ልቡ ሲመታ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ አልተሰማም።

አስከሬኑ አልበርድ አለ። ለቀስተኛው መቃብሩ ዙሪያ ከወትሮው አብዝቶ ቆየ፤ የሐዘኑ ጽናት ነው አልን። እስከ ዛሬ እዚያ መቃብር ላይ ጉም አያርፍም፤ ሣርም አይበቅልም።

በጤና ጣቢያችን ያሉት ሐኪም ስንዱ ናቸው፤ ነገር ማዞር የማያውቁ ሴት። ሹሙ ፊት ቀርበው፣ "ልጁን የገደለው ብርድ አይደለም" አሉ። "ውስጡ ነው የበሰለው። ጡንቻው ቀልጦ ኩላሊቱን ደፈነው። ልቡ የሰው ልብ የማይሮጠውን ሩጫ ሮጠ። እናንተ ደግሞ ባና ደረባችሁበት።"

"እንግዲያው ይሰቀላል" አሉ አቶ ደርበው። ተሰቀለ። ነጩ ዱቄት በብልቃጥ ሆኖ፣ በቀይ ክር ታስሮ፣ መለከት ተነፍቶለት።

በሚቀጥለው ገበያ ምናላቸው ቢጫ ይዞ መጣ። የብር ጌጥ መወልወያ፤ ለአፍ አይደለም። ማንም ሳይጠራው ራሱ ዛፉ ሥር ሄዶ ከብልቃጡ ጎን አነሳው። አልመሰለም።

"ይኼ እኮ የዚያ ወንድም ነው!" አሉ ሐኪም ስንዱ። "ሲሠሩት ጋኑ ውስጥ አንዲት ነገር ለውጠው ነው። የሚታለለው ዓይናችን ነው እንጂ ልብማ አይታለልም።"

"ወንድም በወንድሙ ወንጀል አይከሰስም፣ እመቤቴ" አሉ ሹሙ።

ቢጫው ሰው ሲገድል ተሰቀለ፤ ሰማያዊ መጣ። ሰማያዊው የዓሣ ምግብ ነበር፤ እኛ ዓሣ የምናውቀው በተረት ነው። ሰማያዊው ሲሰቀል ውሃ የመሰለ ፈሳሽ መጣ። እሱም በተራው ተሰቀለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ግን ባዶ ብልቃጥ ስለሚመስል፣ ባዶ ብልቃጥ ይዘው ዘይት ሊገዙ የወጡ ሁለት አሮጊቶች ታሰሩ። ከዚያ በኋላ የዓሣ ምግብ የተባለ ሌላ ሰማያዊ መጣ፤ በዓይን እንዲለይ የአሸዋ ያህል ሻክሮ። ዛፉ ሞላ። ነፋስ ሲነሳ ብልቃጦቹ ይጋጫሉ፤ ያን ድምፅ የሰማ ሰው ሁሉ ሳያውቀው አገጩን ይይዛል፤ ጥርስ ሲፋጭ ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያውን በር ላድስ ሄጄ ሐኪም ስንዱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"የትናንቱን ሳላውቀው የዛሬው ይመጣብኛል" አሉኝ። "በነጩ አንድ ቁንጥር የሞቀ ሰው፣ በቢጫው ግማሽ ቁንጥር ይሞታል። ገዢው ምን እንደገዛ አያውቅም። ሻጩም ምን እንደሸጠ አያውቅም። እኔ ምኑን ላርክሰው? ማርከሻ የለውም፣ ጫኔ። ማረጋጋት ነው፤ ኩላሊቱን በውሃ ማጠብ ነው፤ ማብረድ ነው።"

"ማብረድ?" አልኩ። ዞር ብዬም አየሁ፤ ሰው ሰምቶን እንዳይሆን።

እህቴ ጥሩአየር ባና ሸማኔ ናት። እሷ የሠራችውን የለበሰ ሰው ክረምቱ ሳይታወቀው ያልፋል። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፤ ምላሷ ይቀድማቸዋል። የምንኖረው አብረን ነው፤ እኔ አላገባሁም፤ "በሩን ዘግታ የምታስቀርህ ሴት እኮ ጠፋች" እያለች ትቀልድብኛለች። ለሹሙ ልጅ ሠርግ ባና ስትታዘዝ፣ ለሙሽሮቹ፣ ለሚዜው፣ ለእንግዳው ሁሉ ተባለች። እንቅልፍ የሚተኛ ሰው የሚጨርሰው ሥራ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ቀና ስትል ብሌኗ ዓይኗን ሞልቶት አየሁ።

"ጥሩዬ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ?"

"ሥራ በዝቶበት።"

"ረመጥ ቀምሰሻል።"

"ለሠርጉ ብቻ ነው፣ ጋሼ። ደግሞ ይኼ ረመጥ አይደለም፤ የዓሣ ምግብ ነው።" ሳቀችና መወርወሪያዋን ወረወረችው። "የሞተ ዓሣ አይተሃል?"

"ዓሣ አይቼም አላውቅ።"

"እንግዲያው ዝም በል።"

ወዲያው እትዬ አንጓች በርጩማቸውን ይዘው ገቡ። ሙቀቷ ከደጅ ሆነው ነው የሸተታቸው። "ተመስገን!" አሉ እጃቸውን እየዘረጉ። "የናታችሁ ቤት እሳት አገኘ!" ከኋላቸው ልጃቸው ዘነቡ እየሳለች ገባች፤ ደረቷን ብርድ ከያዘው ቆይቷል። ከዘነቡ ኋላ መንደሩ። እህቴ እየሸመነች ታወራለች፤ እነሱ ይስቃሉ፤ ይሞቃሉ። እንደዚያ የተወደደችበት ዘመን አልነበረም። ሲገቡ ጉንጯን ይስሟታል፤ ስመው ሲያበቁ ጉንጫቸውን ትንሽ እዚያው ያቆዩታል።

ሠርጉ አለፈ። ጥሩአየርም እንዳለችው ተወችው። በተወችበት ቀን ወደቀች፤ እንደ ድንጋይ ተኛች፤ ስትነቃ አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ ብጠይቃት፣ "እኔንም ንገረኝ" አለችኝ። ቤቱ ቀዘቀዘ። ጎረቤቶቻችን በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ተያዩ። ከዚያ እትዬ አንጓች ከመቀነታቸው ትንሽ ጥቅል ፈቱ።

"እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"እሳት ሲዳከም እንጨት ይጨመርበታል። አዲስ ነገር ነው እንዴ?"

"እሷ እኮ ሰው ናት!"

"እኛስ?" አሉኝ፤ አልተቆጡም። "እኛስ ምንድን ነን፣ ጫኔ?"

መልስ ነበረኝ። ዘነቡ ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትስል ነበር። መልሴን ዋጥኩት። እህቴ ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ እንግዳ የሰጠው ነገር በአንድ እጅ አይወሰድም።

ከዚያ ወዲያ እህቴ ለራሷ ገዝታ አታውቅም። ተራ ገብተው ያመጡላታል። የጥቅሉ ቀለም በየገበያው ይለያያል፤ መጠኑን የሚያውቅ የለም፤ ስትቀዘቅዝ ይጨምራሉ። እኔ ብሸሽግ ሌላ ይመጣል፤ ብቆጣ ይስቁብኛል፤ "የጠራቢ ነገር፣ እንጨት ብቻ ነው የሚነድ ይመስለዋል!" ይሉኛል።

የገበያ ቀን ነበር፤ ቀትር ላይ። ከሥራ ስመለስ መወርወሪያው ቆሟል። ጥሩአየር ድሩን ትኩር ብላ ታያለች። ጥርሷ እንደ ተቆለፈ ነው የምታወራው።

"ጋሼ፣ ክሩ ውስጥ ሰው አለ።"

"የት?"

"በድሩና በማጉ መሐል። ፊቱን እያሠራኝ ነው። ስጨርስለት ይወጣል።"

ባናውን አየሁት። እህቴ ከዚያ በፊት ሠርታው የማታውቀው ጥለት ነበረው። ብዙ አላየሁትም።

ግንባሯን ስነካ እጄ በራሱ ተመለሰ። ላቧ ደርቋል። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ወጥመድ የገባ ወፍ ይመስላል። ጠዋት ሽንቴ ጠቁሯል ስትለኝ ለመስማት አልፈለግኩም ነበር። ዙሪያውን ሰው ሞልቷል፤ ብርዱ የባሰበት ቀን ነበርና በርጩማ በርጩማ ላይ ተደራርቧል። ሹሙም አሉ።

"ዛሬስ በረታች!" አሉ እትዬ አንጓች። "ባና ደርቡባት እንጂ፣ በጣራ እየወጣ አለቀ እኮ!"

ደረቡባት። እኔ ሮጥኩ።

ሐኪም ስንዱ ቦርሳቸውን ይዘው ከኋላዬ እየሮጡ ነው የነገሩኝ፤ "መያዝ የለም፣ ማሰር የለም፤ ከታገለች ልቧ ይቆማል። ወደ ጤና ጣቢያም አንወስዳትም፣ መንገድ ላይ ትቀርብናለች። ባናውን ሁሉ አውርድ። ሰው ይውጣ፣ ወሬ ይቁም። ከጓሮ መስኮት አለህ?"

"በጭቃ ተደፍኗል።"

"አፍርሰው። በሩን ደግሞ ዝጋ።"

እግሬ ቆመ።

"ምን ይገትርሃል? በር ሠሪ አይደለህ እንዴ?"

ገባሁና "ውጡ" አልኩ። ማንም አልተነቃነቀም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ባናዎቹን ከላይዋ ገፍፌ ጣልኳቸው።

"ጠራቢው!" አሉ አቶ ደርበው ከመቀመጫቸው ሳይነሱ። "ሕጉን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ፣ ጌታው። እሳት ያለው ደጅ አይዘጋም።"

"እንግዲያስ?"

"እሳቱን ላጠፋው ነው።"

አንዲት ሴት ጆሮዋን ያዘች። እኔ መጥረቢያዬን አንስቼ የተደፈነውን የጓሮ መስኮት መታሁት። አባቴ በገዛ እጁ የደፈነው ጭቃ ነው፤ ቶሎ አልፈረሰም። ሲፈርስ ጉሙ ገባ። በከተማችን ጉም እንዲያ በወገቡ ጎንበስ ብሎ ቤት ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያረፈበትን ሁሉ አቀዘቀዘ። እኔ ማንንም አላስወጣሁም፤ ብርዱ ነው ያስወጣቸው። አንድ በአንድ፣ በርጩማቸውን ይዘው፣ ወደ ኋላቸው እያዩ ወጡ። ሹሙ የመጨረሻው ነበሩ።

ከዚያ በሩን ያዝኩት። ከግድግዳው ተለይቶ አያውቅምና ሸረሪት አድርቶበታል። ሳብኩት፤ ጮኸ፤ መሬቱን እያረሰ መጣና ከመቃኑ ሳይገጥም ቀረ። አበባዎቹ ናቸው ያላስጠጉት። በውስጡ በኩል አሳምሬ የቀረጽኳቸው አበባዎች። እንዳይዘጋ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። መቀርቀሪያም የለው። ዞሬ ጀርባዬን ሰጠሁትና እግሬን ምሰሶው ላይ አንፈራጥጬ ቆምኩ።

ሐኪም ስንዱ መርፌውን ወጓት፤ ውሃ በክንዷ ደም ሥር አስገቡላት፤ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከሩ በብብቷና በአንገቷ ያደርጉ ነበር። ጨርቁ ይጨሳል። ይነክራሉ፤ ደግሞ ይጨሳል።

ውጭ ያሉት አልሄዱም ነበር። መጀመሪያ ገፉ፤ እንደ ጠላት አይደለም፣ እንደ በረደው ሰው ነው የገፉት። በኋላ መግፋቱን ተዉና መዳፋቸውን በሩ ላይ አደረጉ። በሣንቃው ውስጥ የሚያልፈውን ሙቀት ነበር የሚሞቁት። መዳፎቹን በጀርባዬ አውቃቸው ነበር፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጣት የጎደለው። ማንም አይናገርም። የጥርሷን መፋጨት የሚሰማ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ጋሼ፣ ማነው ደጅ ያለው?" አለች ጥሩአየር።

"ማንም የለም። ጎረቤት ነው።"

"ይግቡ" አለች። ከልጅነቷ የተማረችው እሱን ነው።

ጆሮዬ ሥር፣ ከሣንቃው ማዶ፣ እትዬ አንጓች ተናገሩ። "ጫኔ። እናትህ የሞተች ክረምት የማንን እሳት ሞቃችሁ?"

"የእርስዎን፣ እትዬ።"

"በሬን ዘጋሁባችሁ?"

"አልዘጉም።"

"ታዲያ?"

ታዲያ ምን ልበል? ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

ከቆይታ በኋላ አንዱ መዳፍ ከበሩ ተነሳ። ቀጥሎ ሌላው። ሣንቃው እየቀዘቀዘ ነበር። የመጨረሻው መዳፍ፣ ትንሽና ሻካራ የሴት መዳፍ፣ ከሁሉም በላይ ቆየ። እሱም ሲነሳ ሐኪም ስንዱ መሬቱ ላይ ተቀመጡና፣ "ጨርቁ መጨሱን ተወ" አሉ።

እህቴ አልሞተችም። ኩላሊቷ ሥራውን ረስቶ ነበር፤ ቀስ በቀስ ነው ያስታወሰው። ልቧ አንዳንዴ አንድ ምት ይዘላል፤ ያን ጊዜ የያዘችውን ታስቀምጣለች። እጇ ይንቀጠቀጣልና መሸመን አልቻለችም። ጉንዳኖቹም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። "ያልፋሉ" ትለኛለች፤ እጇን ዘርግታ ታሳልፋቸዋለች። ያን ያልተጨረሰ ባና ጠቅልለን ሰቀላው ላይ አኑረነዋል፤ የፈታው የለም። ቤታችን ቀዝቃዛ ነው። በርጩማ ይዞ የሚመጣ የለም፤ መንገድ ላይም ሰላም የሚሉን ጥቂቶች ናቸው።

የበሩን አበባዎች በመጥረቢያ ጠርቤ ጣልኩና መቀርቀሪያ ሠራሁለት። ወሬው ሹሙ ዘንድ ደረሰ። ሸንጎ ተቀመጠ፤ "ሰው ላይ ደጅ የሚዘጋ ዕቃ" ተባለ፤ ተነቅሎ ተወሰደ። አዲስ ነገር ስለሆነ አልተቀጣሁም፤ ያልተሰቀለ ነገር ወንጀል አይደለም። መለከት ተነፍቶ፣ በቀይ ክር ታስሮ፣ መቀርቀሪያዬ ከብልቃጦቹ መሐል ተሰቀለ። ከግራ እግር ጫማው አጠገብ ነው፤ ለሚያየው ያምራል።

የተሰቀለው የእንጨት ነበር። ቀጣዮቹን ከቀንድ ሠራኋቸው።

በሚቀጥለው ገበያ እኔና ጥሩአየር ከምናላቸው ጎን ነጠላ ዘርግተን ተቀመጥን። በእያንዳንዱ መቀርቀሪያ ላይ ጥሩአየር በጋለ ምስማር ጽፋበታለች፤ ፊደሉ እንደ እጇ ይንቀጠቀጣል። "የግድግዳ ጌጥ፤ ለበር አይደለም።" አቶ ደርበው አንዱን አንስተው ዛፉ ሥር ሄዱ፤ አመሳሰሉ፤ አልመሰለም። አመስግነውኝ መለሱልኝ። ምናላቸው ያን ቀን ሮዝ ነገር ይዞ ነበር፤ የጫማ ቀለም ነው ይላል። በጎን አየኝ።

"ሥራ ተማርክ" አለኝ።

"ከእርስዎ ነው፣ ጋሽ ምናላቸው።"

እስከ ቀትር የገዛኝ የለም። ቆም እያሉ ያያሉ፣ ያነባሉ፣ ይሄዳሉ። ገበያው ሊበተን ሲል እትዬ አንጓች መጡ፤ በርጩማቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው። ከሰው ቤት እሳት የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አነጋግረውን አያውቁም። ነጠላዬ ፊት በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

"ዘነቡን ሳሉ ተዋት" አሉ።

"እሰይ" አልኩ።

"ሞቃለች።"

ጥሩአየር የያዘችውን አስቀመጠች።

"ቤቴ ሞልቷል" አሉ እትዬ አንጓች። "መንደሩ ሁሉ ነው የመጣው። ይስሟታል።" አንዱን ቀንድ አንስተው አገላበጡት። "ይኼ ነገር እንዴት ነው?"

"ለበር አይደለም፣ እትዬ።"

"አይቻለሁ። ለአፍ አይደለም የሚለውንም አንብቤ ነበር።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዴት አድርጎ እንደማይዘጋ አሳየኝ።"

አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ራሳቸው ሞከሩት፤ ቀንዱ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭ ሲል ደንገጥ ብለው ዙሪያቸውን አዩ።

"እትዬ" አለች ጥሩአየር፤ የምትንቀጠቀጥ እጇን እጃቸው ላይ አድርጋ። "መጀመሪያ ባናውን አውርዱ። ቀጥሎ መስኮቱን። በሩ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሐኪምን ልጠራ ልሂድ።"

እትዬ አንጓች እጇን አዩት። ቀዝቃዛ እጅ ነው። ጉንጫቸው ላይ አንዴ አስደገፉትና ተነሱ። ቀንዱን ከነጠላቸው ሥር ሸሽገው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጭቃውን እየረገጡ ሮጡ። ነፋስ ተነስቶ ዛፉ ጥርሱን ሲያፋጭ እንኳ ቀና አላሉም።

በርጩማቸው እኔ ፊት ቀረ። በከተማችን በርጩማውን ረስቶ የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም።